በሲሚንቶ ወለል ላይ የጣውላ ወለል በገዛ እጅ ስለ መሥራት

ይህን በሬዲዮ የምትሰሙ፣ በኋላም ታትሞ ሲደርሳችሁ ፊደል በፊደል እየለቀማችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የእጅ ሥራ ነው። ይኸውም በሲሚንቶ ወለል ላይ የጣውላ ወለል እንዴት እንደሚነጠፍ ነው። እርሳስና ወረቀት አቅርቡ። መዶሻው ይቆይ፤ መዶሻ የሚያስፈልገን ወደ መጨረሻው ላይ ነው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ እንጂ አናጢ አይደለሁም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የመጋዝ አያያዝና የሚስማር አመታት ተምሬአለሁ። ከዚያ ያለፈውን ያስተማሩኝ የገዛ ስሕተቴና አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ስሕተቴን አልደብቃችሁም፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዷን የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። የቤታችን ግድግዳ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ ነው። ሊሾ ለማጽዳት ይመቻል። ነገር ግን ልጄ መዳህ ስትጀምር መዳፏና ጉልበቷ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘው ጀመር። ብርድ በሽታ ያመጣል አያመጣም የሚለውን ለሐኪም ልተወውና፣ የእናት ሆድ ግን አይችልም። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር ሆነን የመኝታ ክፍሉን ጣውላ ልናለብሰው ወሰንን። ለእንጨቱ የከፈልነው ገንዘብ የሁለት ዓመት ዕቁብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ሲሚንቶና ጣውላ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ካደሩ ሁለቱም እኩል ቀዝቅዘዋል፤ ያደሩበት አየር አንድ ነውና። ታዲያ በባዶ እግራችን ስንረግጣቸው ሲሚንቶው ለምን ይብሳል? ሲሚንቶ የእግራችንን ሙቀት ቶሎ እየወሰደ ወደ ታች ያሳልፋል። እንጨት ግን በውስጡ አየር የያዘ ብዙ ጥቃቅን ባዶ ቦታ ስላለው ሙቀታችንን ለመውሰድ ሰነፍ ነው። እንግዲህ የጣውላ ወለል ቤት አያሞቅም፤ የእኛን ሙቀት አይዘርፍም እንጂ።

ሥራውን የጀመርነው በየካቲት፣ በደረቁ ወር ነበር። ሞራሌውን አጋደምን፤ ጣውላውን በላዩ ደረደርን። በሁለቱ ጣውላ መካከል ክር እንኳ እንዳያልፍ በመዶሻ እያጠጋጋን መታን። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥርቅም አደረግነው። ጎረቤት እየመጣ አየልን፤ እኔም ኮራሁ።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ በረታ። መጀመሪያ በሩ አልከፈት አለ። ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ከወለሉ ቋ! ቋ! የሚል ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ እኛማ አይጥ መስሎን ነበር። በወሩ መጨረሻ የክፍሉ መካከል እንደ አክንባሎ ጎብጦ ተነሣ። አንዳንዱ ሚስማር ተነቅሎ ራሱን ብቅ አደረገ። ልጄ እግሯን እንዳትወጋ ብለን ክፍሉን ዘጋነው። ሽማግሌው አናጢ ተጠርተው መጡ፤ ጉብታውን ረገጥ ረገጥ አደረጉና ጥግ ሄደው ቁጢጥ አሉ።

«ጋሼ፣ እንጨቱ መጥፎ ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«እንጨቱ ምን አደረገሽ ልጄ? መሄጃ አሳጣሽው እንጂ» አሉኝ። ከኪሳቸው ቢላዋ አውጥተው በጣውላውና በግድግዳው መካከል ሊያስገቡት ሞከሩ። የቢላዋው ጫፍ እንኳ አልገባም።

የእንጨት ነገር እንዲህ ነው። እንጨት በዐይን በማይታዩ ቀጫጭን ቧንቧዎች የተሠራ ነው፤ ዛፉ ሳይቆረጥ በፊት ውሃ የሚያሳልፍባቸው ናቸው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ተልጎም እንኳ መጠጣቱን አይተውም። በክረምት አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ መልሶ ይተፋል። ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲተፋ ይሟሽሻል። ልብ በሉ፣ የሚያብጠው ወደ ጎን ነው እንጂ ወደ ርዝመቱ አይደለም። የአራት ሜትር ጣውላ ርዝመቱ ክረምትም በጋም ያው አራት ሜትር ነው ማለት ይቻላል። ወርዱ ግን ይለወጣል።

ስንት ይለወጣል? እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አገሩ አየር ይለያያል። ለምሳሌ ያህል ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በደረቁ ወርና በዝናቡ ወር መካከል 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ አያስደንቅም። 1 ሚሊ ሜትር የክብሪት እንጨት ውፍረት ግማሽ ያህል ነው። ምን አላት ትሉ ይሆናል። የክፍሉ ወርድ 3 ሜትር ቢሆን ግን 30 ጣውላ ጎን ለጎን ይደረደራል። 30 ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር 30 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ጣት የሚሆን እንጨት ቦታ ስጡኝ ይላል። ግድግዳው ብሎኬት ነውና አይሸሽም። ወደ ታች ሲሚንቶ ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ላይ። የእኔ ወለል ያደረገው ይህንኑ ነው። ይህን ስሌት በየካቲት ወረቀት ላይ ብጽፈው ኖሮ ሐምሌን በሰላም ባለፍኩ።

የውሃው ሁለተኛ መንገድ ከሥር ነው። ሲሚንቶ ድንጋይ መስሎ ይታያል እንጂ ውስጡ ውሃ አለ። አዲስ ኮንክሪት በ28 ቀን ይጠነክራል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኮንክሪቱ ይኖረዋል ተብሎ የታሰበው ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ጠነከረ ማለት ግን ደረቀ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግንበኞች እንደሚገምቱት ኮንክሪት ለመጀመሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርቃል፤ ከዚያ በላይ ላለው ውፍረት ደግሞ በቀን ግማሽ ሚሊ ሜትር። እንግዲህ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል ስንት ቀን ይፈልጋል? የላይኛው አምስቱ 50 ቀን፣ የታችኛው አምስቱ 100 ቀን፤ በድምሩ 150 ቀን፣ ማለትም አምስት ወር። ያውም አየሩ ደረቅ ከሆነ ነው፤ በክረምት ይረዝማል። አንድ ጎረቤታችን ሲሚንቶው በፈሰሰ በሁለት ወሩ ጣውላ አነጠፈ። በዓመቱ ሲገለጥ የጣውላው ሆድ ጠቁሮ ሻግቷል፤ ሽታውም እስከ በር ይመጣ ነበር።

ወለላችሁ አሮጌም ቢሆን ፈትኑት። ፈተናው ቀላል ነው። በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ቁረጡና ሲሚንቶው ላይ ዘርጉት። አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያልፍ በፕላስተር አጣብቁት። ሁለት ቀን ይቆይ። ከዚያ ስትገልጡት ከላስቲኩ ሥር የውሃ ጤዛ ካለ፣ ወይም ሲሚንቶው ከዙሪያው ይልቅ ጠቁሮ ከታየ ወለሉ አልደረቀም። አንድ ቦታ ብቻ ሞክራችሁ አትተዉ፤ በመካከልም፣ በውጭው ግድግዳ ሥርም ሞክሩ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ በክረምት ሞክሩት፤ በጥር ደረቅ የሆነ ወለል በነሐሴ ሌላ ነው።

ርጥብ ሆኖ ከተገኘ በላዩ ጣውላ መክደን በሽታን መደበቅ ነው። ምክንያቱን ከውጭ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወይም የጣሪያው ውሃ አሸንዳ አጥቶ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ቦይ ቁፈሩ፣ መሬቱን ዝቅ አድርጉ፣ አሸንዳ ስቀሉ። ከዚያ አንድ ክረምት አሳልፉና እንደገና ፈትኑት።

አሁን ወደ እንጨቱ። በደጋ አገር በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አገሩን የሞላ ዛፍ ነው። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የፈረንጅ ጥድ ለስለስ ያለና ለመሥራት የሚቀል ነው። የአገራችን ጥድ ቀዩ ልቡ ምስጥ አይደፍረውም፤ ነጩን የዳር ክፍል ግን ይበላዋል። ዝግባና ዋንዛም ለወለል ያምራሉ። ሆኖም እነዚህን አገር በቀል ዛፎች ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ወይና ደጋና ቆላ የምትኖሩ ደግሞ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ሁሉ አስቀድማችሁ ድፈኑ፤ ለምስጥ የጥፍር ያህል ስንጥቅ በር ነው። አንዳንዱ ሰው እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ለአጥር ይሁን፤ ልጅ ለሚተኛበት ክፍል ግን ሽታው አይለቅም፣ እኔ አልመክርም።

ምንም ዓይነት እንጨት ብትገዙ መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ሻጩ ሁሉ ደረቅ ነው ይላል። ሽማግሌው ሁለቱን ጣውላ አጋጭተው በድምፁ ይለያሉ፤ እኔ ግን እንደ እሳቸው ያለ ጆሮ የለኝም። ስለዚህ የመምህር ዘዴ ፈለግሁ። አንድ ሜትር የሚሆን ጣውላ ቆረጥኩ። ጫፍና ጫፉ ከሌላው ቶሎ እንዳይደርቅ ሁለቱን ጫፍ ቀለም ቀባሁት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሱቅ ወስጄ በሚዛን አስመዘንኩ፤ ቁጥሩንም ከነቀኑ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በግራም እንዲህ ነበር፤ 1,820፣ 1,740፣ 1,690፣ 1,665፣ 1,655፣ 1,655። ቁጥሩ ሲወርድ ሲወርድ ቆይቶ ቆመ። ውሃው ወጥቶ አለቀ ማለት ሳይሆን እንጨቱ ከቤቱ አየር ጋር ተስማማ ማለት ነው። ቁጥር መጻፍ የቻለ ሰው ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት «ዛሬስ ስንት ሆነ?» ብሎ እሱ ራሱ ይጠይቀኝ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ጣውላው የሚቀመጠው በዚያው በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ነው። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ በየደርቡ መካከል ቀጫጭን እንጨት አግድሙበት፤ አየር ከላይም ከታችም ይግባው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን አይገባም፤ እንደ ቆዳ ይጣመማል።

መቼ ይነጠፍ? እኔ ብጠየቅ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ አልፏል፤ አየሩም ገና እንደ የካቲት አጥንት አላደረቀም። በዚህ ወራት የተነጠፈ ጣውላ በበጋ ትንሽ ይሟሽሻል፣ በክረምት ትንሽ ያብጣል፤ ሁለቱንም ይችለዋል።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። ክፍሉ 4 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ወርድ አለው እንበል። ጣውላው በርዝመቱ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው ሞራሌ ደግሞ በወርዱ ይጋደማል። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጣውላ በሞራሌና በሞራሌ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ ወለሉ ሲረገጥ ይረግባል። ታዲያ ስንት ሞራሌ እንገዛለን? ወንድሜ 400 ለ40 አካፍሎ 10 አለና 10 ገዝቶ መጣ። ጣታችሁን ዘርግታችሁ እዩ። ጣቶቹ አምስት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን አራት ነው። 10 ክፍተት ካለ ሞራሌው 11 ነው። የመጨረሻው ሞራሌ ባይኖር የጣውላው ጫፍ አየር ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ 11 ሞራሌ፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር፤ በድምሩ 33 ሜትር። ጣውላው ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ከሆነ 30 ነው። ለሚሰነጠቅና ለሚበላሽ ከመቶ አሥር ጨምሩ፤ 33 ጣውላ ማለት ነው። ሚስማር ደግሞ 30 ጣውላ እያንዳንዱ 11 ሞራሌ ያቋርጣልና 330 ነው፤ የሚጣመመውን አስቡና 400 ግዙ። የሚስማሩ ርዝመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ በሩን ክፈቱና እዩ። ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ከነጣውላው ወለሉን 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከሆነ ከሥሩ ይቆረጣል። የብረት በር ከሆነ ደግሞ ብየዳ ቤት መሄዱ ነው፤ ወጪውን አስቡት። ደፉም ላይ ልጅና ሽማግሌ እንዳይደናቀፍ አንድ ነገር መሠራት አለበት።

አነጣጠፉ እንዲህ ነው። ወለሉን ጥረጉና ወፍራም ላስቲክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘርጉ። ሁለት ላስቲክ በሚገናኝበት ቦታ አንዱ በሌላው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። ዳር ዳሩን ወደ ግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥፋችሁ አውጡት። ይህ ላስቲክ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ይከለክላል። ስለዚህ ሞራሌውን ከሲሚንቶው ጋር በሚስማር አትምቱት፤ ላስቲኩን የበሳ ሚስማር ሁሉ የውሃ በር ነው። ሞራሌው በላስቲኩ ላይ በክብደቱ ይተኛል፤ ጣውላው ሲመታበት ሁሉም ተያይዞ አንድ አካል ይሆናል።

ሞራሌዎቹ እኩል መሆናቸውን በውሃ ልክ ለኩ። የመስተዋት ውሃ ልክ ባይኖራችሁ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይበቃል። ውሃ ሙሉበት፤ በውስጡ የአየር ኳስ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን ጫፍ ማዶ ብትይዙት በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ የወለሉን ከፍተኛ ቦታ ፈልጉና ሌላውን ሁሉ ከዚያ ጋር አስተካክሉ። ዝቅ ባለው ቦታ ከሞራሌው ሥር ስስ እንጨት ደግፉ፤ ድጋፉንም ከሞራሌው ጋር በትንሽ ሚስማር አያይዙት። ካልተያያዘ በሚረገጥ ቁጥር እየተንሸራተተ ይወጣና ወለሉ ይንቋቋል።

የመጀመሪያው ጣውላ ቀጥ ያለ ካልሆነ ሠላሳውም ይጣመማል። በግድግዳው አትመኑ፤ የቤታችን ግድግዳ ማዕዘን ነው የሚለው ሰው ለክቶት አያውቅም። ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክት መካከል ያለው ልክ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጥጉ ትክክለኛ ማዕዘን ነው። ካነሰ ወይም ከበለጠ ጥጉ ጠማማ ነውና በግድግዳው ፈንታ ሲባጎ ወጥራችሁ እሱን ተከተሉ።

አሁን መዶሻውን አንሡ። ከግድግዳው 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ራቁ። ይህን ርቀት በዐይን አትገምቱ፤ ልኩን የያዙ የእንጨት ቁራጮች ሠርታችሁ በጣውላውና በግድግዳው መካከል አስገቡ፤ ሥራው ሲያልቅ አውጧቸው። የሞራሌው ጫፍም እንደዚሁ ከግድግዳ ይራቅ። ጣውላው ወንዴና ሴቴ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ጠርዙ ምላስ ሌላው ጠርዙ ቦይ ያለው ከሆነ፣ ቦዩ ወደ ግድግዳ፣ ምላሱ ወደ እናንተ ይዙር። ሚስማሩ ከምላሱ ሥር ጋደል ብሎ ይመታል፤ ቀጣዩ ጣውላ ሲገባ ይሸፈናል። ከላይ በግልጽ የሚመቱት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጣውላ ብቻ ናቸው። ደረቅ ባሕር ዛፍ ሚስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ አስቀድማችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፣ ወይም የሚስማሩን ሹል ጫፍ መታ መታ አድርጋችሁ አደንዝዙት። ሹል ሚስማር ጭረቱን ይገነጥላል፤ ደነዙ ቆርጦ ይገባል።

ጣውላውን ከጣውላ ስታጠጉ በመዶሻ በቀጥታ አትምቱት፤ ቁራጭ እንጨት ደግፋችሁ ቁራጩን ምቱ። ጥርቅም አይበል። በደረቅ ወር የምትሠሩ ከሆነ በየጣውላው መካከል የፕላስቲክ መታወቂያ ወረቀት የሚያስገባ ስስ ክፍተት ተዉ። እኔም አሁን የማደርገው ይህንን ነው፤ መታወቂያዬ ጠርዙ ተፍቆ አልቋል። በክረምት የምትሠሩ ከሆነ ግን አጥብቃችሁ ግጠሙት፤ በበጋ ራሱ ይለያያል። ሁለት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኝ ከሆነ መገናኛው ሞራሌ ላይ ይዋል እንጂ ባዶ ቦታ ላይ አይሁን፤ የጎን ለጎን መገናኛዎችም በአንድ መስመር አይሰለፉ። የመጨረሻው ጣውላ ብዙ ጊዜ በወርዱ ይሰነጠቃል። ልኩን በሁለቱም ጫፍ ውሰዱ፤ እዚህ 7 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እዚያ 5 ሊሆን ይችላል። 1 ሳንቲ ሜትር ተኩሉን መቀነስ አትርሱ።

በዳሩ የቀረውን ክፍተት የሚሸፍነው ዞኮሎ ነው። ዞኮሎው ከግድግዳው ጋር ብቻ ይመታ። ከወለሉ ጋር ከመታችሁት ወለሉን መልሳችሁ አሰራችሁት ማለት ነውና ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። በዞኮሎውና በወለሉ መካከል ወረቀት የምታልፍበት ክፍተት ይኑር፤ ከሥር ያለው አየርም በዚያ ይተነፍሳል። የቆዩ ቤቶችን ብታዩ ከወለሉ በታች በውጭው ግድግዳ ላይ ሽቦ የለበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። አሠሪዎቹ ያስቀሩት ለጌጥ አይደለም፤ እንጨቱ እንዲተነፍስ ብለው ነው።

የእኔ ወለል እንዴት ሆነ? በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከሽማግሌው ጋር ዞኮሎውን ነቅለን በሁለቱም ዳር ያለውን አንድ አንድ ጣውላ አነሣን። የቀረው ወለል ሲፈታ እፎይ ያለ ያህል ቋ አለ። ጉብታው ላይ የብሎኬት ድርድር ጭነን ሦስት ሳምንት አቆየነው፤ አብዛኛው ተመለሰ። ሦስት ጣውላ ተሰንጥቆ ነበርና በአዲስ ተተካ። የዳሮቹን ጣውላ ወርድ ቀንሰን መለስናቸው። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ በማታ ትምህርት ቤት ቁጥር መጻፍ ጀምረው ነበር። የመጨረሻው ጣውላ ከመከደኑ በፊት በአናጢ እርሳሳቸው ሞራሌው ላይ ቀኑንና «1.5» የሚለውን ቁጥር ጻፉ። «ወደፊት የሚከፍተው ሰው ይወቀው» አሉ። ነጥቧን ረስተው 15 ብለው ነበር፤ አሳየኋቸውና ጨመሯት። 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተትማ ድመት ያስገባል።

አያያዙን በተመለከተ ጥቂት ልበል። የጣውላ ወለል እንደ ሊሾ ውሃ ተደፍቶበት አይታጠብም፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል። ከመገልገላችሁ በፊት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት፤ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ። ውሃ ለማይለይበት ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ክፍል ጣውላ አይሆንም። ቡና ስታፈሉ ደግሞ የከሰል ምድጃውን በጣውላው ላይ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ ሰፊ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ሸክላ ወይም ጡብ ይሁን። የወደቀች አንዲት ፍም ቄጠማውን አቃጥላ ጣውላው ላይ ትደርሳለች። ምድጃውም እንደ ጋመ በተዘጋ ክፍል አይደር፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል።

ስለ በሩ አቆራረጥ ዛሬ ጊዜ አልበቃኝም። በሚቀጥለው ዝግጅት እመለስበታለሁ፤ እስከዚያው የበራችሁን ከፍታ በሁለቱም ጎን ለክታችሁ ጽፋችሁ ጠብቁኝ። ደህና ሁኑ።